የቤጊኖች ሰፈር

በሰሜን ቤልጂየም፣ በፍላንደርስ ከተሞች የሚዘዋወር ሰው ከገበያው ግርግር ጥቂት እልፍ ሲል በግንብ የታጠረ ጸጥተኛ ሰፈር ያገኛል። ትናንሽ የጡብ ቤቶች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ በመካከላቸው ቤተ ክርስቲያን አለ። ሰፈሩን ያቀኑት ቤጊን የሚባሉ ሴቶች ናቸው።

ቤጊኖች መነኮሳት አልነበሩም። በ13ኛው መቶ ዘመን (እ.ኤ.አ.) የሱፍ ጨርቅ ንግድ ከተሞቹን ሲያደራ፣ ባል የሌላት ሴት ብዙ ምርጫ አልነበራትም። ገዳም ልግባ ብትል እንኳ ብዙዎቹ ገዳማት ከቤተሰቧ ንብረት ይዛ እንድትመጣ ይፈልጉ ነበር። ቤጊኖች ታዲያ የራሳቸውን መንገድ አበጁ። በጸሎትና በንጽሕና ይኖራሉ፤ የዕድሜ ልክ መሐላ ግን የለባቸውም፤ የፈለገች ወጥታ ታገባለች። ንብረቷ የራሷ ነው፤ አለቃቸውንም ከመካከላቸው ይመርጣሉ። ሱፍ እየፈተሉ፣ ልብስ እያጠቡ፣ ልጃገረዶችን እያስተማሩ ራሳቸውን ይችላሉ፤ በሽተኛ ያስታምማሉ፣ ድሀ ይረዳሉ። ገንዘብ ያላት የራሷን ቤት ታሠራለች፤ የሌላት ከሌሎች ጋር በጋራ ቤት ትኖራለች። ከተማ ውስጥ ሌላ ከተማ የተገነባው እንዲህ ነው፤ የገነቡትም የሚያስተዳድሩትም ሴቶች ነበሩ።

ይህ ነጻነት ብዙዎችን አስቆጥቷል። መጽሐፍ የጻፈችው ቤጊን ማርግሪት ፖሬት በ1310 ፓሪስ ላይ በእሳት ተቃጠለች፤ ብዙም ሳይቆይ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የቪየን ጉባኤ ቤጊኖችን አወገዘ። የፍላንደርሶቹ ግን የመሳፍንትና የጳጳሳት ከለላ ስላልተለያቸው ዘለቁ። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ንብረታቸው ለከተሞች የድሆች መርጃ ተቋማት ተላለፈ፤ ቁጥራቸውም እየሳሳ ሄደ።

ቤቶቹን ከመፍረስ ያዳነው አንዱ ትልቅ እርምጃ የተወሰደው በሉቨን ከተማ ነው። የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ በ1962 በእርጅና የተጎዳውን ትልቁን የቤጊኖች ሰፈር ገዛ፤ እድሳቱን ፕሮፌሰር ሬይሞን ለሜር መሩት። እኚህ ሰው በ1964 የቬኒስን የቅርስ ጥበቃ ቻርተር ካረቀቁት አንዱ ናቸው። ሰፈሩን ሙዚየም አላደረጉትም፤ ተማሪዎችና እንግዳ መምህራን እንዲኖሩበት አደረጉ። ትክክለኛ ውሳኔ ይመስለኛል፤ ሴቶቹ የሠሩት ለመኖሪያ ነበርና።

ዩኔስኮ በ1998 አሥራ ሦስት የፍላንደርስ ቤጊን ሰፈሮችን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። የመጨረሻዋ ቤጊን ማርሴላ ፓቲን በ2013 በኮርትራይክ ከተማ በ92 ዓመታቸው አረፉ። ብራሰልስ ለጉዳይ የምትሄዱ አንባቢዎች፣ ሉቨን በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ ሰፈሩን በእግር ዞራችሁ እዩት።