ለደስታ ቀን ያቆዩት ወይን እንዳይበላሽ

እመቤት ሆይ፣ ልጅዎ በተመረቀ ዕለት ይከፈታል ብለው አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ጠጅ ገዝተው ከምድጃው በላይ ባለው መደርደሪያ አቁመውት ይሆን? እንዲያ ከሆነ ዛሬውኑ ያንሡት። ከወር ደመወዝ ተቀንሶ የተገዛ ወይን ሙቀት ሲመታው ቆይቶ፣ እንግዳ ፊት ሲከፈት ጣዕሙ ሞቶ ሊገኝ ይችላልና።

በአቦምሳና በአካባቢዋ ለሚኖሩ እናቶች ወይን ባዕድ አይደለም፤ የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ የወይን እርሻ የሚገኘው በዚያው በመርቲ ምድር ነው። በዝዋይ (ባቱ) አጠገብ ያለው የካስቴል እርሻ ደግሞ ሜርሎ የተባለውን ጥቁር ወይን ያለማል፤ የመጀመሪያ ምርቱም በ2006 ዓ.ም. ለገበያ ቀርቧል።

ሜርሎ በተፈጥሮው ለስላሳ ነው። ጭማቂው ከልጣጩና ከፍሬው ጋር ብዙ ሲቆይ ግን ወፍራምና ምላስ የሚይዝ ይሆናል። ይህን የሚያመጣው ታኒን ነው፤ ከሰል ላይ የሰነበተ ሻይ አፍ የሚያደርቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። በፈረንሳይ ፖሜሮል የሚጠመቀው ፔትሩስ በአብዛኛው ሜርሎ ሆኖ ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል። ሆኖም ወይን ሁሉ በመቆየት አይሻሻልም፤ ርካሹንና ቀለል ያለውን በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ መጠጣት ይሻላል።

ለማቆየት የሚመረጠው ከ12 እስከ 15 ዲግሪ የሆነ፣ ጨለማና ሙቀቱ የማይለዋወጥ ስፍራ ነው። ቡሽ ያለውን ጠርሙስ ያጋድሙት፤ ቡሹ ከደረቀ አየር ያስገባል። የአቦምሳ ሙቀት ለዚህ አይመችም፤ አሰላ ዘመድ ካለዎት የደጋው ብርድ ይጠብቅልዎታልና አደራ ይስጡ።

ዕለቱ ሲደርስ ጠርሙሱን አንድ ቀን አስቀድመው ያቁሙት። እንደ ጠጅ አንቡላ ከሥር የሚዘቅጥ ነገር ይኖረዋልና፣ ሳይናወጥ በቀስታ ወደ ማንቆርቆሪያ ይገልብጡት፤ ለአንድ ሰዓት ያህልም አየር ያግኘው። ከዚያ ያሽትቱት፤ ትንሽ ጎንጭተው በአፍዎ ያንከባልሉት። ምላስዎን ከያዘው አይደንግጡ፤ ሥጋ ጥብስ ወይም ቅቅል ሲቀርብ ይለዝባል። በርበሬ የበዛበት ወጥ ግን ምሬቱን ያጎላዋል።

ነፍሰ ጡር ከሆኑ አንዲት ጉንጭም አይቅመሱ፤ ለልጆችም አይስጡ። ለቀሩት ግን አንድ ብርጭቆ ይበቃል፤ የደስታ ቀን የሚደምቀው በመጠጡ ብዛት ሳይሆን በተሰበሰበው ቤተሰብ ነው።