ቅሬያችን ለሞት ብቻ ነውን?

በወሎ ተራሮች ላይ ሰው በሌሊት ሲሞት የሚሆነውን የማያውቅ የአገሩ ልጅ የለም። የቅሬው ጥሪ ከአንዱ ጉብታ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ገና ሳይነጋ ወንዶቹ ዶማና አካፋ ይዘው ወደ መቃብሩ ይወርዳሉ፤ ሴቶቹ ውሃ ይቀዳሉ፣ ምጣድ ይጥዳሉ። ከፈን የሚገዛው ይገዛል፣ ጀናዛውን የሚያጥበው ያጥባል። ያለ ምክንያት የቀረ ሰው ይቀጣል። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ሟቹ ተሰግዶበት ከአፈር ገብቷል፤ ቤተሰቡም በጎረቤት ተከቧል። «አቅም የለንም» ያለ የለም። «መንግሥት ይምጣና ይቅበርልን» ያለም የለም።

አሁን ደግሞ በዚያው ተራራ ላይ ሌላ ሌሊት እናስብ። አንዲት እናት ምጥ ይዟታል። ጤና ጣቢያው ያለው ከታች፣ ከአስፋልቱ ዳር ነው። ባሏ ቃሬዛ የሚሸከሙለት ሰዎች ፍለጋ ከቤት ቤት ይሮጣል። አንዱ ወደ ቆላ ወርዷል፣ አንዱ ታሟል፣ አንዱ «ጠዋት ይሻላል» ይለዋል። ለመኪና የሚከፍለው ገንዘብ በእጁ የለም፤ በሌሊት ከማን ይበደር? ሰው እስኪሰበሰብ ድረስ ሌሊቱ ያልፋል። ከሌሊቱ ጋር የእናትየዋ አቅምም ያልቃል።

ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ አንድ ነው። ለሞተው ሰው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚደርሰው ይህ ብርቱ ክንድ፣ በሕይወት ላለው ቤተሰብ ለምን አይደርስም?

ከአምባሰል ተራራ ሥር

ለምሳሌ ውጫሌን እንውሰድ። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በአምባሰል ተራሮች መካከል ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ስሟ በታሪክ መጻሕፍት የሚነሣው በ1881 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋር በተፈረመው ውል ነው። ነገር ግን በከተማዋና በዙሪያዋ ላሉት ቤተሰቦች የዕለቱ ጉዳይ ከዚያ ይለያል። በገደላ ገደል የተበጣጠሰ ጠባብ ማሳ፣ አንድ ዓመት የሚመጣ አንድ ዓመት የሚቀር ዝናብ፣ ወደ ዓረብ አገር የሄደች ልጅ፣ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ያጣ ወጣት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደቡብ ወሎን ሲያዳርስ ይህች ከተማ ከውጊያው መካከል ነበረች። ብዙ ቤተሰብ ተፈናቀለ፣ ንብረቱ ተዘረፈ። የክልሉ ሰላም ከዚያ ወዲህም ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም።

እንዲህ ያለች ትንሽ የተራራ ከተማ ቤተሰቦቿን ለመደገፍ የሚያስፈልጋት ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን መልስ ከውጭ የሚመጣ ርዳታ ነው። መንግሥት ግዴታውን መወጣት ይገባዋል፤ እኛም ከመጠየቅ ወደ ኋላ ማለት የለብንም። ይሁንና ከሁሉ በፊት በእጃችን ያለውን እንይ። የአባላት ዝርዝር፣ መዋጮ፣ ዳኛ፣ የቅጣት ደንብ፣ የሥራ ክፍፍል ያለው ድርጅት በየጎጡ አለን። ስሙም ቅሬ ነው። በብዙ ቦታ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን ጎረቤት በአንድ ላይ ያቀፈ ነው። በአንዳንድ አካባቢ ደግሞ ሕመምተኛን በቃሬዛ መሸከምም የአባላት ግዴታ ሆኗል። ስለዚህ አዲስ ነገር እንፍጠር አላልንም፤ የተጀመረው ይስፋ ነው የምንለው።

የጃዕፈር ልጆች

በሒጅራ 8ኛው ዓመት (እ.ኤ.አ. 629) በሙእታ ዘመቻ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ሸሂድ ሆኑ። ጃዕፈር ለእኛ ሩቅ ሰው አይደሉም። በሐበሻ ምድር ለረጅም ዓመታት በስደት የኖሩ፣ በነጃሺ ፊት ስለ ኢስላም የተናገሩ ሶሐባ ናቸው። ልጃቸው ዐብዱላህም የተወለደው እዚሁ ሐበሻ ውስጥ ነው።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) የጃዕፈርን መርዶ ሲሰሙ፣ ሐዘን ላይ ለወደቀው ቤተሰብ ጎረቤት ምግብ እንዲያዘጋጅለት አዘዙ። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ባለቤታቸው አስማእ ቢንት ዑመይስ ስለ ልጆቿ የቲምነት ባነሣች ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የልጆቹ ኃላፊ እርሳቸው እንደሆኑ ነግረው አጽናኗት። እንግዲህ ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ ምግብ የሚሄደው ከጎረቤት ወደ ሐዘንተኛው እንጂ ከሐዘንተኛው ወደ ጎረቤት አይደለም። ሁለተኛው፣ የማኅበረሰቡ ኃላፊነት ከቀብር በኋላም ከልጆቹ ጋር ይቀጥላል።

በእኛ ዘንድ ስንት ቤት ነው አባት በሞተ በሳምንቱ በሬውን ሸጦ ሰው የሚያበላው? በአርባኛው ቀን ዕዳ ገብቶ ድንኳን የሚጥለው? ዑለሞቻችን ይህን ደጋግመው ቢያስተምሩም ልማዱ አልለቀቀንም። እኛ በልተን እንሄዳለን፤ የቲሞቹ ግን ክረምቱን ያለ በሬ ይገባሉ። ቅሬው በጠቅላላ ጉባኤው የሐዘን ድግስን በደንብ ቢገድብና የተረፈውን ለየቲሞቹ ደብተርና ዩኒፎርም ቢያውል፣ አንድም ሳንቲም ሳይጨምር ቤተሰብ ደገፈ ማለት ነው።

የዑመርን (ረ.ዐ.) ታሪክም እናስታውስ። ኸሊፋው አንድ ሌሊት መዲና ዳርቻ ያረፉ መንገደኞችን ሲጠብቁ የሕፃን ለቅሶ ሰሙ። እናቲቱን ቢጠይቋት ልጇን ጡት ለማስጣል እየሞከረች መሆኗን ነገረቻቸው። ምክንያቷም የሕፃናት ቀለብ የሚሰጠው ጡት ለተወ ልጅ ብቻ መሆኑ ነበር። ዑመር በዚህ እጅግ አዘኑ። ከዚያ በኋላ ቀለቡ ለሚወለድ ሕፃን ሁሉ፣ ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ እንዲሰጥ አዘዙ። አንድ ደንብ ቤተሰብን የሚጎዳ ሆኖ ሲገኝ ይለወጣል። የቅሬ ደንብም እንዲሁ ነው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፦ የምጥ ቃሬዛ። እያንዳንዱ ቅሬ ነፍሰ ጡር እናቶች ያሉበትን ቤት ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ሆኖ ይመዝግብ። ይህ ፕሮግራም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ሴት ሠራተኞችን አሰማርቷል፤ ቤቱን ያውቁታል። የተሸካሚዎች ተራ አስቀድሞ ይውጣ። ተራው የደረሰ ሰው ራቅ ብሎ ሲሄድ ተተኪ ያሳውቅ፤ የቀረም እንደ ቀብሩ ሁሉ ይቀጣ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የወሊድ አገልግሎት ያለ ክፍያ ነው። በብዙ ጤና ጣቢያዎችም የእናቶች ማቆያ ክፍል አለ። ቤቷ ሩቅ የሆነ እናት ቀኗ ሲቃረብ ወርዳ እዚያ ብትቆይ ቃሬዛውም ላያስፈልግ ይችላል። የማይለቃት ግን ቤቷ ነው። ሌሎቹን ልጆች ማን ያበላል? ላሟን ማን ያልባል? ለሐዘንተኛ ውሃ የሚቀዱት የቅሬ ሴቶች ለእርሷም ተራ ቢገቡላት እናትየዋ ያለ ሐሳብ ትሄዳለች።

ሁለተኛ፦ የጤና መድን። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአገራችን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ የአምባሰል ጎረቤት ተሁለደሬ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ ሲታመም ግን በመታከሚያው ቦታ ሳይከፍል ይታከማል። እጅግ ድሃ ተብለው ለተለዩት መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ችግሩ ያለው በመካከል ባለው ሰው ላይ ነው። ድሃ ተብሎ አልተመዘገበም፣ ክፍያው በሚጠየቅበት ወር ግን እጁ ባዶ ነው። ቅሬው ለዚህ ሰው ቢያበድረውና ከአዝመራ በኋላ ያለ ወለድ ቢመልስ፣ በሕመም ምክንያት በሬና መሬቱን ከማጣት ይድናል።

ሦስተኛ፦ ዘካ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙዓዝን ወደ የመን ሲልኩ፣ ዘካ ከዚያው አገር ባለ ጠጎች ተወስዶ ለዚያው አገር ድሆች እንደሚመለስ እንዲያስተምሩ አዘዋቸዋል። በእኛ አካባቢ ዘካ የሚያወጣው ሰው ጥቂት አይደለም፤ ነገር ግን አንዱ ለአንዱ እፍኝ እፍኝ እየሰጠ ይበተናል። ሒሳቡን እናስበው። በዝናብ የበቀለ እህል ዘካው ከአሥር አንድ ነው፤ በመስኖ ድካምና ወጪ የለማው ደግሞ ከሃያ አንድ። ግዴታ የሚሆነውም ምርቱ ወደ 650 ኪሎ ግራም ገደማ ሲደርስ ነው። 10 ኩንታል ጤፍ በዝናብ ያገኘ ገበሬ 1 ኩንታል ያወጣል። በአንድ መስጂድ ዙሪያ እንዲህ ያሉ 15 ገበሬዎች ቢኖሩ 15 ኩንታል ነው። የነጋዴው ደግሞ ንብረቱ ኒሷብ ሞልቶ የጨረቃ ዓመት ሲዞርበት ከመቶ 2.5 ነው። ይህ በታመኑ ሽማግሌዎችና በኢማሙ አማካይነት በመዝገብ ቢሰበሰብ፣ አንዲት ባሏ የሞተባትን እናት ከዓመት ዓመት ከመለመን አውጥቶ ዶሮና በግ እንድታረባ ማድረግ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። የዘካ ተቀባዮች በሱረቱ ተውባ 60ኛው አንቀጽ በስምንት ክፍል ተወስነዋልና ገንዘቡ ከቅሬው መዋጮ ጋር አይቀላቀልም፤ መዝገቡም ለብቻው ይሁን። የቅሬው መዋጮና ሰደቃችን ግን ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ጎረቤት ይደርሳል። የጎረቤት ሐቅ ሃይማኖት አይጠይቅም።

አራተኛ፦ ልጆቻችን። ከደቡብ ወሎ ብዙ ሰው ወደ ዓረብ አገር ሄዷል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ነበር የመጡት። ልጅቷ የምትሄደው ቤተሰቧን ስለምትወድ ነው። አባቷ ለደላላ የሚከፍለውን ከአራጣ አበዳሪ ያመጣል፤ እርሷ መንገድ ላይ ሳለች ዕዳው ቤት ውስጥ ይወልዳል። ስትመለስ ደግሞ «ምን አመጣሽ?» እንጂ «እንዴት ከረምሽ?» የሚላት የለም። ቅሬው ከወለድ ነፃ የሆነ አነስተኛ የብድር ሳጥን፣ ማለትም ቀርድ ሐሰን ቢያቋቁም፣ ከመሄዷ በፊትም ሆነ ከተመለሰች በኋላ ሌላ በር ይከፈትላታል። የልብስ ስፌት መኪና፣ የሻይ ቤት ዕቃ፣ የንብ ቀፎ በዚህ ሊገዛ ይችላል። ገንዘቡም በሰው ጓዳ እንዲቀመጥ አያስፈልግም፤ በ2013 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ በአገራችን ሥራ ጀምሯል።

«ቅሬው ይፈርሳል» ለሚሉ

ሽማግሌዎቻችን አንድ ሥጋት አላቸው፤ እውነትም አለበት። «ቅሬው የቆየው አንድ ሥራ ብቻ ስላለው ነው። ገንዘብ ከገባበት ጠብ ይገባበታል፤ ያን ጊዜ ቀባሪ እናጣለን» ይላሉ። ስለዚህ የቀብሩ ደንብና ገንዘብ አይነካ። ለአዲሱ ሥራ ሌላ ሳጥን፣ ሌላ መዝገብ፣ ሦስት ቁልፍ ያዦች ይኑሩ። ከሦስቱ አንዷ ሴት ትሁን፤ የቤቱን ጉድለት ከእርሷ በላይ የሚያውቅ የለምና። በየሦስት ወሩ ሒሳቡ በጉባኤ ፊት ይነበብ።

መጠኑም ከትንሽ ይጀምር። 80 አባወራ በወር 30 ብር ቢያዋጣ 2,400 ብር፣ በዓመት 28,800 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ከተማ አይለውጥም። ነገር ግን በሌሊት ምጥ ለያዛት እናት የመኪና ኪራይ ይሆናል፤ ለዚያች አንዲት እናት ደግሞ ይህ ሁሉ ነገር ነው።

ወንድሞችና እህቶች፣ ቅሬያችን የሚወደስ ነው። ሰውን በክብር መቅበር በኢስላም ፈርድ ኪፋያ ነው፤ አባቶቻችን ይህን ሳያጓድሉ አውርሰውናል። አሁን ተራው የእኛ ነው። የፊታችን የቅሬ ስብሰባ ላይ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ «በዚህ ወር ከመካከላችን የምትወልደው ማን ናት?» ብሎ ይጠይቅ። ያ ሰው አባት ይሁን፣ ወጣት ይሁን፣ የመድረሳ አስተማሪ ይሁን፣ ግድ የለም። ጥያቄው ከተነሣ ተሸካሚ አይጠፋም። ዶማ ይዞ በሌሊት ለመውጣት ያልሰነፈ ሕዝብ፣ ቃሬዛ ይዞ ለመውጣት አይሰንፍም።

አላህ ለሟቾቻችን ይዘንላቸው፤ በሕይወት ላለነው ደግሞ አንዳችን ለአንዳችን የምንደርስ ያድርገን። አሚን።