የገቢ ምንጮች፣ የመንግሥት እርከኖችና የትምህርት ቤት ወጪ

የፊስካል ያልተማከለ አስተዳደር ማለት ገቢ የመሰብሰብና ወጪ የማድረግ ሥልጣን በማዕከላዊው መንግሥትና ከእርሱ በታች ባሉት የአስተዳደር እርከኖች መካከል የሚከፋፈልበት ሥርዓት ነው። ጉዳዩ ለገንዘብ ባለሙያዎች ብቻ የተተወ መስሎ ቢታይም፣ መጽሐፍና ወንበር የተሟላለትን ትምህርት ቤት ካልተሟላለት የሚለየው ብዙውን ጊዜ ይኸው ክፍፍል ነው። ስለሆነም መምህራንና የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ሦስት ጥያቄዎችን ለያይተው መመልከት ይገባቸዋል። ይኸውም፣ የግብሩን ልክ የሚወስነው ማን ነው? የሚሰበስበውስ? በመጨረሻስ ገንዘቡን ሥራ ላይ የሚያውለው ማን ነው? የሚሉት ናቸው።

1. ከእንጦጦ ዘመን እስከ መሬት ግብር ዐዋጆች

ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ በጫኑበት ዘመን የመንግሥት ገቢ በአብዛኛው በዓይነት የሚከፈል ነበር። እህል፣ ማር፣ ከብትና ጉልበት ከየግዛቱ ወደ ቤተ መንግሥት ይገባ ነበር። ይሁን እንጂ ገባሩ ያወጣው ሁሉ ወደ ተራራው አይደርስም። ባለ ጉልቱ ከግብሩ ከፊሉን ለራሱና ለጭፍሮቹ ያስቀር ነበር፤ የቤተ ክህነት መሬት ግብርም ለአገልጋዮቿ መተዳደሪያ ይውል ነበር። ከዚህ አንጻር ሲታይ የገቢው ሥልጣን በብዙ እጆች የተከፋፈለ ነበር። ነገር ግን ሥልጣኑ ሲከፋፈል ትምህርት ቤት ወይም መንገድ የመሥራት ኃላፊነት አብሮት አልተከፋፈለም።

ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. የወጡት የመሬት ግብር ዐዋጆች ግብሩ በገንዘብ ተከፍሎ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት እንዲገባ አደረጉ። መሬቱም ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ እየተመደበ ይገመት ጀመር። በዚህም አኳኋን ተበታትኖ የነበረው ገቢ ወደ ማዕከሉ ተሰበሰበ።

2. የ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር

ለትምህርት ባለሙያ ከሁሉ ይበልጥ አስተማሪ የሆነው ምሳሌ በ1940 ዓ.ም. የታወጀው የትምህርት ግብር ነው። ይህ ግብር በመሬት ግብር ላይ ተጨምሮ የሚከፈል ሲሆን፣ በየጠቅላይ ግዛቱ የሚሰበሰበው ገንዘብ በዚያው ግዛት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ተወሰነ። ሥራውን የሚከታተሉ የአካባቢ የትምህርት ቦርዶችም ተቋቋሙ። የዚህ አሠራር ጠቀሜታ ግልጽ ነው። ግብር ከፋዩ ገንዘቡ የት እንደ ዋለ በዓይኑ ማየት ይችላል፤ ትምህርት ቤቱ ካልተሠራም የሚጠይቀው አካል በአቅራቢያው ይገኛል።

ጉድለቱም ከዚሁ ጠቀሜታ የሚመነጭ ነበር። መሬቱ በተለካበትና ለም ተብሎ በተመደበበት አካባቢ የትምህርት ገቢው ከፍ ይላል። ርስቱ ባልተለካበት እንደ ጎጃምና በጌምድር ባለው ግዛት፣ እንዲሁም የመሬት ግብር በማይከፈልበት የአርብቶ አደር አካባቢ ግን ዝቅ ይላል። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ ዕድል የልጆቹን ቁጥር ሳይሆን የመሬቱን አለካክ ይከተል ነበር።

3. የቀበሌ ገቢና ወሰኑ

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች ዐዋጅ ለቀበሌዎች አዲስ የገቢ ምንጭ አስገኘላቸው። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር ያልበለጠ ቤቶችን ቀበሌዎቹ እያስተዳደሩ ገቢውን ለአካባቢ ልማት ያውሉት ነበር። ይሁንና ኪራዩን የሚሰበስበው ቀበሌው ቢሆንም ልኩ የተወሰነው በማዕከል በወጣ ሕግ ነበር። ኪራዩ ለብዙ ዓመታት ባለበት ሲቆይ የጥገናና የዕቃ ዋጋ ጨመረ፤ ቀበሌውም ይህን ለማስተካከል ሥልጣን አልነበረውም። ከዚህ የምንረዳው ገቢ መሰብሰብ ብቻውን የገቢ ሥልጣን አለመሆኑን ነው።

4. የፌዴራል ሥርዓቱ ክፍፍል

በ1985 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 33 የተጀመረው የገቢ ክፍፍል በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ከአንቀጽ 95 እስከ 100 ተደንግጓል። የጉምሩክ ቀረጥ፣ የፌዴራል ሠራተኞች የገቢ ግብርና ከፌዴራል የልማት ድርጅቶች የሚገኘው ገቢ ለፌዴራሉ መንግሥት ተሰጥቷል። ለክልሎች የተሰጡት ደግሞ የክልልና የግል ድርጅት ሠራተኞች ግብር፣ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ፣ የግል ገበሬዎችና የግለሰብ ነጋዴዎች ግብር ናቸው። የኩባንያዎች ትርፍ፣ የትላልቅ ማዕድን ሥራዎችና የነዳጅ ገቢ የጋራ ነው።

ክፍፍሉ በዕለት ኑሮ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወስደውን መንገድ መመልከት ይበቃል። በጉለሌ ክፍለ ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር ከደመወዙ የሚቆረጠው ግብር ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ይገባል። በፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚሠራው ጎረቤቱ ግን ለፌዴራሉ መንግሥት ይከፍላል። በሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ የሚሸጠው ግለሰብ ነጋዴ ግብሩን ለከተማው ሲከፍል፣ ከውጭ የገባው ክር ቀረጥ አስቀድሞ በጉምሩክ ተከፍሏል። የቤት ባለቤቱ ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ በዐዋጅ ቁጥር 80 መሠረት ሲከፈል የኖረውን፣ ሕዝቡ የጣሪያና ግድግዳ የሚለውን ግብር ያውቃል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የንብረት ታክስ ዐዋጅ ወጥቷል። ከተራራው እንጨት ተሸክማ የምትወርደው ሴት የገቢ ግብር ባትከፍልም፣ ከሱቅ በምትገዛው የውጭ ዕቃ ዋጋ ውስጥ የተካተተውን ቀረጥ ትከፍላለች። የግብር ከፋይነት ድርሻዋ ከማንም ያነሰ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

5. ክፍተቱና ድጎማው

ሰፊና በቀላሉ የሚሰበሰቡት ምንጮች በአብዛኛው ከላይ ሲቀሩ፣ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወጪ የወደቀው በክልልና በወረዳ ላይ ነው። አዲስ አበባ ሰፊ የንግድ መሠረት ስላላት አብዛኛውን ወጪዋን በራሷ ገቢ ትሸፍናለች። ብዙዎቹ ክልሎች ግን ከፌዴራሉ መንግሥት ድጎማ ውጭ ሊቆሙ አይችሉም። የድጎማውን ክፍፍል የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ክልሎች በበኩላቸው ለወረዳዎች ጥቅል በጀት ይመድባሉ። ድጎማው በ1940 ዓ.ም. የታየውን የአካባቢ ልዩነት ለማጥበብ ይረዳል፤ በአንጻሩ ግን ገንዘቡ ከሩቅ ስለሚመጣ ከፋዩ የመጠየቅ ልምዱን እንዲያጣ ሊያደርግ ይችላል።

ከወረዳው የትምህርት በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል። ለጠመኔ፣ ለመጽሐፍና ለጥገና የሚቀረው ጥቂት ሲሆን ትምህርት ቤቱ ወደ ወላጅ መዋጮ ይዞራል። መዋጮው ከድሀውም ከባለጸጋውም እኩል ከተጠየቀ፣ ስሙ መዋጮ ይሁን እንጂ በጠባዩ ድሀውን ይበልጥ የሚጫን ግብር ነው።

ስለዚህ ዕቅድ አውጪው የአንድን ወረዳ ትምህርት ሲገመግም የተመደበውን ጠቅላላ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ከደመወዝ በኋላ ለአንድ ተማሪ የሚተርፈውን ማስላት፣ የወላጆችንም መዋጮ ከሕዝብ ወጪ ጋር ደምሮ መቁጠር ይገባዋል። መምህሩም የኅብረተሰብ ትምህርት ሲያስተምር በመግቢያው የተነሡትን ሦስት ጥያቄዎች ለተማሪዎቹ ቢያቀርብና ከአካባቢያቸው ምሳሌ እንዲያመጡ ቢያደርግ፣ የመንግሥት ገንዘብ ከእያንዳንዱ ቤት የወጣ መሆኑን ከልጅነታቸው ይረዳሉ።