ዳዊት በተራ ሲደገም፦ በቅዱሳት መጻሕፍት መደገፍና እግዚአብሔርን መፈለግ በዕለት ተዕለት ሕይወት

(በነገረ መለኮት ፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ክርስቲያን በየዕለቱ ኑሮው በቅዱሳት መጻሕፍት የሚደገፈውና እግዚአብሔርን የሚፈልገው እንዴት ነው የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ ነው፤ ሰፊ ርእስ ደግሞ መያዣ ካልተበጀለት በመልካም ምኞት ተጀምሮ በመልካም ምኞት ያልቃል። ስለዚህ መያዣ የሚሆነኝን ከቤታችን መርጫለሁ። እርሱም ዳዊት ነው።

የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። ሰው በመጽሐፍ ተደገፈ የሚባለው የሚወደውን ቃል ሲያገኝ ብቻ ሳይሆን ያልመረጠውም ቃል በተራው እንዲናገረው ሲፈቅድ ነው። ይህን ለማስረዳት በመጀመሪያ ስለ መጽሐፉና ስለ አደጋገሙ፣ ቀጥሎ ስለሚያሰጋን ነገር፣ በመጨረሻም ይህ ሁሉ በተራ ቀን ምን እንደሚመስል እናገራለሁ።

ዳዊት በቤታችን

ዳዊት ስንል መዝሙራቱን ብቻ ማለታችን አይደለም። በብራና የተጻፉትን መጻሕፍት የገለጠ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከ150ው መዝሙርና ከ151ኛው ቀጥሎ 15ቱ ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን፣ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን አብረው ይገኛሉ። መዝሙራቱ ወደ ግዕዝ የተመለሱት ከግሪኩ ከሰብዓ ሊቃናት ትርጉም በመሆኑ ቁጥራቸው ግሪኩን ይከተላል። ከዕብራይስጡ የተተረጎመ መጽሐፍ የያዘ ሰው በአብዛኛው መዝሙር ላይ አንድ ቁጥር መጨመር ይኖርበታል። እኔ ዛሬ የምጠቅሰው በግዕዙ ቁጥር ነው።

በአብነት ትምህርት ቤት ሕፃኑ ፊደል ቆጥሮ፣ አቡጊዳን አልፎ፣ የዮሐንስን መልእክትና ወንጌል አንብቦ የሚደርሰው ወደ ዳዊት ነው። ዳዊት መድገም የንባብ ትምህርት መፈጸሚያ ስለ ነበር፣ የልጁ ወላጆች እንደ አቅማቸው ድግስ ደግሰው መምህሩን ያመሰግኑ ነበር። ብዙ ትውልድ ማንበብን የተማረው በጸሎት መጽሐፍ ነው ማለት ነው። ማንበብና መጸለይ በአንድ አፍ፣ በአንድ ዕድሜ የተለመዱ ሥራዎች ነበሩ።

ቋንቋችንም ይህን ያውቃል። ስለ ሌላ መጽሐፍ ስንናገር «አነበበ» እንላለን፤ ስለ ዳዊት ግን «ደገመ» እንላለን። መድገም እንደገና ማለት ነው። ትላንት የተባለውን ዛሬ መልሶ ማለት፣ ሌላው ያለውን የራስ አድርጎ ማለት ነው። ነገር ግን ከዚሁ ግሥ «ድግምት» የሚል ቃልም ወጥቷል። አንዱ ግሥ ለጸሎትም ለአስማትም ስም ሰጥቷል። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የሳምንቱ ሥርዓት

መዝሙራቱ ዐሥር ዐሥር እየሆኑ በ15 ክፍል ይመደባሉ፤ እያንዳንዱ ክፍል «ንጉሥ» ይባላል። አቅሙና ጊዜው ያለው፣ በተለይም በገዳም የሚኖር፣ በአንድ ቀን ሁሉንም ይደግማል። ሌላው ምእመን ግን በሳምንት ከፍሎ ይጸልያል። በተለመደው አከፋፈል ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ያለው ይደርሳል። እሑድ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ይደገማል።

ይህ ሥርዓት ሲታይ የቁጥር ድልድል ይመስላል። ነገር ግን በውስጡ ጥበብ አለ። መዝሙሩ የሚደርሰው በእኛ ስሜት ሳይሆን በቀኑ ነው። በሰኞ ሐዘን የገባበት ሰው የእረኛውን መዝሙር፣ 22ኛውን፣ ያገኛል፤ ደስ ይለዋል። በማክሰኞ ምንም በደል አልሠራሁም ብሎ የተነሣ ሰው በ50ኛው የንስሐ መዝሙር ፊት ይቆማል። ቅዳሜ ልቡ የተሰበረ ሰው ከ148ኛው ጀምሮ ፍጥረት ሁሉ ለምስጋና ሲጠራ ይሰማል፤ አፉ ከልቡ ቀድሞ ያመሰግናል።

የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ አትናቴዎስ ለመርኬሊኖስ በጻፈው መልእክት ስለዚህ ነገር አስተምሯል። በሌሎቹ መጻሕፍት ሌሎች ያደረጉትን እንሰማለን፤ በመዝሙር ግን የሚያነበው ሰው ቃሉን የራሱ ቃል አድርጎ ይናገራል፤ መዝሙሩም የነፍሱን ሁኔታ እንደ መስታወት ያሳየዋል ይላል። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ የሾመው ይኸው አትናቴዎስ ስለ ሆነ፣ ትምህርቱ ለእኛ የሩቅ እንግዳ አይደለም። መስታወት ደግሞ ደስ የሚለንን ብቻ መርጦ አያሳይም። በጠዋት የታየውን ፊት እንዳለ ያሳያል።

መደገፍና መጠቀም

አሁን ወደ ድግምት ልመለስ። በሀገራችን የመዝሙር ቃል ለክታብ ሲጻፍ፣ ጠላትን ለመጣል ወይም ሀብት ለመሳብ ሲቆጠር ኖሯል፤ የቤተ ክርስቲያን መምህራንም ሲገሥጹት ኖረዋል። ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ የቀድሞ ዘመን ሰዎች ችግር ነው ብለው ፈገግ ይላሉ። እኔ ግን ነገሩ ቅርጹን እየለወጠ ከእኛው ጋር የሚኖር ይመስለኛል። ዓይንን ጨፍኖ መጽሐፍ ገልጦ ጣት ያረፈበትን ቃል ለጉዞ ወይም ለጋብቻ ውሳኔ ማድረግ፣ ከአንድ ምዕራፍ የተስፋውን ቁጥር ነቅሎ ተግሣጹን መተው፣ በክርክር ጊዜ ባልንጀራን ለመምታት ጥቅስ መልቀም፣ እነዚህ ሁሉ ከክታቡ ጋር አንድ ዘር አላቸው። በሁሉም ዘንድ ፈቃዳችን አስቀድሞ ተወስኗል፤ ቃሉ የሚፈለገው ፈቃዳችንን እንዲያጸድቅ ነው።

ከዚህ የተነሣ ከወንጌል ትልቁ ማስጠንቀቂያ በማቴዎስ ምዕራፍ 4 የተጻፈው ነው። ፈታኙ ጌታን በቤተ መቅደሱ ጫፍ አቁሞ ራስህን ወርውር ሲለው ማስረጃ አድርጎ ያመጣው ከ90ኛው መዝሙር ነው። ይህ መዝሙር ለጥበቃ ከሁሉ ይልቅ የምንደግመው መሆኑን አስተውሉ። ጌታችንም የመለሰለት ከኦሪት ዘዳግም ነው። ሁለቱም መጽሐፍ ጠቅሰዋል። ልዩነቱ ፈታኙ መጽሐፉን እግዚአብሔርን ለማስገደድ ሲያነሣው፣ ጌታችን ደግሞ በመጽሐፉ ሥር በመታዘዝ መቆሙ ነው። የመጀመሪያው በመጽሐፍ መጠቀም ነው፤ ሁለተኛው በመጽሐፍ መደገፍ ነው።

ይህ ፈተና አንዲቱን ቤተ ክርስቲያን ብቻ አይመለከትም። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ የጠዋት ጥሞና የታወቀ ልማድ ነው። ከእነርሱም መካከል መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በዕቅድ የሚያነቡ አሉ፤ ልብን የሚያሞቀውን ቁጥር ብቻ የሚመላለሱበትም አሉ። በተራ ማንበብ በየትኛውም ቤት ለዚህ ዝንባሌ ልጓም ይሆናል።

ንባብና ትርጓሜ

በዚህ ላይ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። በግዕዝ እየደገመ ትርጉሙን የማያውቅ ሰው በምን ተደገፈ? ጥያቄው በቀላሉ ሊታለፍ አይገባም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የህንደኬ ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ፊልጶስ ትረዳዋለህን ብሎ ሲጠይቀው፣ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል የሚል መልስ ሰጠ። ጃንደረባው ባለማወቁ አላፈረም፤ ባለማወቁም ረክቶ አልተቀመጠም። እያነበበ ቆየ፤ አስተማሪ ሲመጣ ደግሞ አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው።

ሊቃውንቶቻችንም ንባቡን ብቻ አልተዉልንም። የአንድምታው ትርጓሜ ግዕዙን አስቀድሞ በአማርኛ ይፈታል፤ ከዚያም «አንድም» እያለ ሌላውን ምሥጢር ይጨምራል። ይህ አካሄድ አንባቢውን የሚያስተምረው ቃሉ በአንድ ጊዜ ተቀድቶ የማያልቅ መሆኑን ነው።

ያልመረጥነው ቃል በሚያስቸግረን ጊዜ የትርጓሜ ጥቅም ይበልጥ ይታያል። ቅዳሜ የሚደርሰው 136ኛው መዝሙር በባቢሎን ወንዞች ዳር በልቅሶ ይጀምርና በባቢሎን ሕፃናት ላይ በሚወርድ አስፈሪ ቃል ይዘጋል። መጽሐፉን የምንጠቀምበት ቢሆን ይህን ክፍል መዝለል ወይም ለበቀላችን ማዋል እንችል ነበር። ከጥንት መምህራን መካከል ኦሪገን እነዚያን ሕፃናት በልብ ውስጥ ገና የተወለዱ ክፉ ሐሳቦች ናቸው ብሎ ተረጎማቸው፤ ሳያድጉ በክርስቶስ ዓለትነት ላይ ሊሰበሩ ይገባል አለ። በትርጓሜው የማይስማማ ሊቅ ይኖራል። ነገር ግን አንባቢው ቃሉን ሳይሸሽ፣ ጎረቤቱንም ሳይጎዳበት፣ ለምን ተጻፈ ብሎ እግዚአብሔርን የሚጠይቅበት መንገድ ይህ ነው። ያልገባንን ቃል ይዘን መቆየትም እግዚአብሔርን ከመፈለግ ይቆጠራል።

በተራ ቀን

ስለ ራሴ አንድ ነገር ብናገር ትታገሡኛላችሁ። አባቴ ባረፈ ሰሞን ቤታችን በለቀስተኛ ተሞልቶ ነበር። ሁሉም የማጽናኛ ቃል ይዞ ይመጣል፤ እኔ ግን አንዱም አልደረሰኝም። በሐሙስ ቀን ከልማድ የተነሣ ብቻ የአባቴን ዳዊት ከማኅደሩ አወጣሁ። ገጹን ለማስታወስ ያሰረው ቀይ ክር ገና በቦታው ነበር። እየደገምሁ 87ኛው ላይ ደረስሁ። ይህ መዝሙር እንደ ሌሎቹ በምስጋና አይፈጸምም፤ ወዳጅና ዘመድ መራቁን ተናግሮ ዝም ይላል። ማንም ለቀስተኛ ይህን መዝሙር መርጦ አላነበበልኝም፤ እኔም አልመርጠውም ነበር። ሆኖም ያን ቀን እውነቴን የተናገረልኝ እርሱ ብቻ ነው። ሐዘኔ አልቀለለም። ነገር ግን መዝሙሩ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ የሚጮኸው ወደ እግዚአብሔር መሆኑን አየሁ፤ ማጽናኛ ያጣ ሰው የሚናገረው አምላክ እንዳላጣ ተረዳሁ።

በማግስቱ ዓርብ የሚደርሰው 118ኛው መዝሙር ነው፤ ከሁሉ ረጅሙ፣ 176 ቁጥር ያለው፣ በአሌፍ ተጀምሮ በ22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላት ስም የተከፈለው። ከዳር እስከ ዳር የሚናገረው ስለ እግዚአብሔር ቃል ነው፤ እርሱንም በፍጹም ልብ ስለ መፈለግ። በቀን ሰባት ጊዜ ስለ ማመስገንም ያነሣል፤ ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት ያሉት ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ከዚህ ጋር ይያያዛሉ። ቃሉንም ለእግር መብራት አድርጎ ያቀርበዋል። ለእግር የተያዘ መብራት የሚያሳየው የሚቀጥለውን እርምጃ ነው፤ ተራራውን ማዶ አያሳይም። በመጽሐፍ የሚደገፍ ሰው የነገውን ሁሉ አያውቅም፤ ዛሬ የሚረግጠውን ግን ያያል።

እንግዲህ ከመካከላችሁ መጀመር የሚፈልግ ቢኖር ምክሬ አጭር ነው። የቀኑ ክፍል ቢበዛባችሁ አንድ ንጉሥ፣ እርሱም ቢበዛ አንድ መዝሙር በቂ ነው፤ ተራውን ግን ጠብቁ። በማይገባችሁ ቋንቋ የምትደግሙ ከሆነ አማርኛውን ከጎኑ አስቀምጡ፤ መምህርም ጠይቁ። አንድ ቀን ቢታለፋችሁ የታለፈውን እንደ ዕዳ ቆጥራችሁ አትጨነቁ፤ በዛሬው ተራ ግቡ። በታክሲ ሰልፍ ላይ በስልክ የሚደግም ተማሪም፣ በሰው ሀገር በሌሊት ሥራ መካከል በቃሉ የያዘውን በሹክሹክታ የሚል ስደተኛም ይህን ማድረግ ይችላል።

«ተራ» የሚለው ቃላችን ሁለት ነገር ይነግረናል። ወረፋ ማለት ነው፤ ልዩ ያልሆነ ማለትም ነው። ዳዊት በተራው በተራ ቀን ሲደገም፣ ሰው እግዚአብሔርን የሚፈልገው በጭንቅ ቀን ብቻ አይሆንም። ጭንቁ ሲመጣም የሚናገርበት አፍ አስቀድሞ ይለመዳል።