ውሳኔን መጠበቅ ለምን ያስጨንቃል?

በአሜሪካ የሶሻል ሴኩሪቲ የአካል ጉዳት አበል የጠየቀ ሰው የመጀመሪያውን ውሳኔ ለመስማት ብዙውን ጊዜ ከ6 ወር በላይ ይጠብቃል፤ የቤት ኪራዩ ግን አይጠብቅለትም።

ከእምቢታው ይልቅ አለማወቁ የሚከብደው ለምንድን ነው? በ2016 እ.ኤ.አ. በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 45 በጎ ፈቃደኞች የሚያሳምም የኤሌክትሪክ ንዝረት ሊያስከትል በሚችል ጨዋታ ተፈተኑ። ላባቸውና የዓይናቸው ብሌን እንደመሰከሩት፣ ጭንቀቱ የከፋው ንዝረቱ እንደሚመጣ በታወቀ ጊዜ ሳይሆን ዕድሉ 50 በመቶ ሲሆን ነበር።

የካሊፎርኒያዋ ተመራማሪ ኬት ስዊኒና ባልደረቦቿ የጥብቅና ፈተና ውጤት የሚጠብቁ ምሩቃንን አጥንተው፣ ልብን በሚመስጥ ሥራ የተጠመዱት መጠበቁ እንደቀለላቸው አስተውለዋል።

እርግጥ ነው፣ ተመስጦ ኪራይ አይከፍልም። አመልካቹ ግን እየጠበቀ አዲስ የሕክምና ማስረጃ ማስገባት፣ ጥያቄው ውድቅ ቢሆንም ማስታወቂያው በደረሰው በ60 ቀናት ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል።