ከእናት ጉያ የማይለይ ገበቴ

አንዲት እናት ሕፃኗን ይዛ፣ የዕለት ምግቧን ለቅማ፣ ውኃም ቀድታ በእግሯ ረጅም መንገድ የምትጓዝ ቢሆን ስንት ዓይነት ዕቃ ያስፈልጋት ይሆን? ለአውስትራልያ ነባር ሕዝቦች እናቶች ከዛፍ የተፈለፈለ ሞላላ ገበቴ ለዚህ ሁሉ ያገለግላቸው ነበር። ዕቃው ዛሬ በብዛት የሚታወቀው ኩላሞን በመባል ሲሆን፣ ቃሉ የተገኘው ከካሚላሮይ ቋንቋ ነው። በማዕከላዊው በረሃ የሚኖሩት ፒትጃንትጃራዎች ግን ጎድጓዳውን የውኃ ገበቴ ፒቲ ይሉታል።

ገበቴውን ለመሥራት ብዙ ጊዜ ዛፉን መጣል አያስፈልግም። ከግንዱ ጎን ልጡ ወይም እንጨቱ በልኩ ተፈንቅሎ ይወጣና ይጠረባል፤ በእሳትም እየተለበለበ ቅርጽ ይይዛል። ዛፉም ጠባሳውን እንደያዘ ማደጉን ይቀጥላል።

ጥቅሙስ? ውኃ ሲቀዳበት እንዳይፈስ ቅጠል ወይም ሣር ጣል ይደረግበታል፤ ከሣርና ከፀጉር ገመድ በተጠቀለለ መደላድል ላይም በራስ ይሸከሙታል። ለስላሳ ልጥ ሲነጠፍበት ደግሞ የሕፃን መኝታ ይሆናል፤ እናቲቱም በጎኗ ታቅፈው እጇ ለሥራ ነፃ ይሆናል። የዱር ፍሬና ሥር ይሰበሰብበታል፤ የሣር ዘርም እንደ ሰፌድ እየተንገዋለለ ከገለባው ይለይበታል።

ይህ የሴቶች ሙያ በችግር ቀን ሕዝብ አብልቷል። እ.ኤ.አ. በ1946 በምዕራብ አውስትራልያ፣ በፒልባራ፣ በበግ እርባታ ጣቢያዎች የሚሠሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነባር ሠራተኞች ተገቢ ደመወዝ በመጠየቅ ሥራ አቆሙ። አድማው እስከ 1949 በዘለቀበት ጊዜ ቤተሰቦቻቸው ከኖሩባቸው መንገዶች አንዱ፣ በዚያ አገር ያንዲ በሚባለው ገበቴ ቆርቆሮና ሌላ ማዕድን ከአሸዋ እየለዩ መሸጥ ነበር።

ነገር ግን እንዲህ ያለው ሙያ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ልጅ ከእናቱ ጋር ሲኖር ነው። በሃያኛው ምዕት ዓመት፣ እስከ 1970 ገደማ ድረስ፣ በመንግሥት ፖሊሲ ብዙ የነባር ሕዝቦች ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥለው ተወስደዋል። እ.ኤ.አ. የካቲት 13 ቀን 2008 ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቪን ራድ በፓርላማ ይቅርታ ሲጠይቁ፣ በልጅነታቸው ከተወሰዱት አንዷ ሎሬይን ፒተርስ የምስጋና ስጦታ አበረከቱ። ስጦታው ከመስታወት የተሠራ ኩላሞን ነበር። እናቶች ሆይ፤ ሕፃን ታቅፎበት የኖረውን ዕቃ ለምን እንደመረጡ ለእናንተ ማስረዳት አያሻም።

ዛሬም በኡሉሩ አካባቢ ሴቶች ገበቴውን እየጠረቡ፣ በጋለ ሽቦም እያስጌጡ ይሸጣሉ፤ ገቢም ያገኙበታል። ከጎናቸው ተቀምጦ የሚያይ ልጅ እስካለ ድረስ ሙያው አይጠፋም።