ሳትታይ መንገድ የምትጠርገው ትንሿ ጨረቃ

ውድ እኅቶች፣ ማታ ሥራ ጨርሳችሁ በመስኮት ቀና ስትሉ የምታዩዋት ጨረቃ ለምድራችን አንዲት ናት። ሳተርን የተባለችው ፕላኔት ግን ብዙ ጨረቃዎች አሏት። ከእነርሱም እጅግ ትንንሾቹን የሥነ ፈለክ ሊቃውንት «ሙንሌት» ይሏቸዋል። ትንሽ መጽሐፍ ቡክሌት እንደሚባል ሁሉ ሙንሌትም ትንሽ ጨረቃ ማለት ነው። ለስሙ የተቆረጠ ልክ የለውም፤ መቶ ሜትር ያህል ብቻ የሆኑትም በዚሁ ይጠራሉ።

በሳተርን ቀለበት ውስጥ 325 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ባዶ መንገድ አለ። ሊቃውንቱ የመንገዱ ዳርቻ እንደ ማዕበል መታጠፉን አይተው፣ ይህን የሚጠርግ ሙንሌት በውስጡ ይኖራል ብለው ገመቱ። እርሷን ግን ያያት አልነበረም። ማርክ ሾዋልተር እ.ኤ.አ. በ1990 ያገኛት ቮያጀር 2 የተባለችው መንኮራኩር በ1981 ባነሳቻቸው ፎቶግራፎች ላይ ነው። ስሟም ፓን ተባለ፤ ስፋቷ 28 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በፎቶው ላይ ነበረች፤ ልብ ያላት ግን አልነበረም።

እኅቴ ሆይ፣ በሰው ቤት ስትደክሚ ውለሽ «ማን አየኝ?» ብለሽ ባዘንሽ ጊዜ ፓንን አስቢያት። አስቀድሞ ያስታወቃት የጠረገችው መንገድ ነው።